ሳይመረቅ አይበራም

አሰገደች ስብሰባ ላይ የሚጣላ ሰው ናፈቃት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እውነቷን ነው። አንድ ሰው ብድግ ብሎ፣ ጠረጴዛውን ደልቆ «አይሆንም!» ቢላት ተነስታ ግንባሩን ትስመው ነበር። አይሆንም የሚልን ሰው ይከራከሩታል፣ ይለማመጡታል፣ ካልሆነም ይረግሙታል። እሺ የሚልን ሰው ግን ምን ያደርጉታል? እሷ ጸሐፊ የሆነችበት የኤሌክትሪክ አቅርቦት የጋራ አስተባባሪ ኮሚቴ ደግሞ፣ ከሊቀመንበሩ ጀምሮ እሺ ባይ ብቻ የተሰበሰበበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊምቢቹ ወዲያ፣ የሀዲያና የከምባታ መሬት በሚገናኝበት፣ ዱቤንቾ የምትባል ቀበሌ አለች። ጤና ጣቢያዋ የቆመው በሀዲያ በኩል ነው። የመብራት ሽቦው የሚመጣው ከከምባታ በኩል ነው። ነፍሰ ጡሮቹ ግን ከሁለቱም በኩል ይመጣሉ፤ ምጥ ድንበር አያውቅማ። እንግዲህ እዚያ አንድ አምፖል ለማብራት የሁለቱ ዞኖች ኃላፊዎች፣ የጤናው፣ የውሃው፣ የፋይናንሱ፣ የወረዳው፣ የመብራቱ ሰዎች ሁሉ መስማማት ነበረባቸው። ተስማሙም። ችግሩ እሱ ነው እኮ! ከተስማሙ ቆዩ። ምሰሶው ተተክሏል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ትራንስፎርመሩ ተሰቅሎ ተፈትሿል። መሐንዲሱ አሞጽ «በእኔ በኩል አልቋል» ካለ ወራት አልፈዋል። የቀረው የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሳልቫቪታውን፣ ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። አንድ ጣት ይበቃል።

ግን አልተመረቀም።

ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባው፣ ገና አንድ ምሰሶ እንኳ ሳይቆም፣ በሙሉ ድምፅ ያጸደቀው የአሠራር መርህ ነበረ፤ ሳይመረቅ አይበራም የሚል። ምክንያትም አላቸው። የሆነ ቦታ መብራት ሳይመረቅ በርቶ፣ በኋላ የመጡት የክብር እንግዳ «ታዲያ እኔ ምን ልመርቅ መጣሁ?» ብለው ተቀይመው ተመለሱ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያ ቀበሌ መንገድ ሲጠይቅ፣ ድልድይ ሲጠይቅ ጆሮ የሚሰጠው አጣ ይባላል። ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኮሚቴው ግን ወንጌል አድርጎ ይዞታል።

ታዲያ ይመረቃ! ብትሉ፣ ማን ይመርቅ? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ሀብተሚካኤል በሀዲያ በኩል ያሉ፣ ሲናገሩ ቅቤ የሚያቀልጡ፣ ሰው ማስቀየም እንደ ኃጢአት የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሆሳዕና ከተማ በተደረገው ስብሰባ ሁሉ ፈገግ ብለው እንዲህ ይላሉ፤

«ሽቦው የመጣው ከእናንተ ነው። ክብሩም የእናንተ ነው። የእናንተ ኃላፊ ሪባኑን ይቁረጡልን።»

ምክትላቸው አቶ ዳኘ፣ ከከምባታ በኩል የሚመጡት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከወንበራቸው ይነሳሉ። «በፍጹም! ጤና ጣቢያው በእናንተ መሬት ቆሞ እኛ መቀስ ይዘን እንምጣ? ነውር አይደለም እንዴ? የእናንተ ኃላፊ ይቁረጡ፣ እኛ እናጨበጭባለን።»

«ኧረ እናንተ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እናንተ።»

ሲባባሉ ምሳ ይደርሳል። ምሳም ላይ በቡላና በቅቤ የተሠራው አተካና ቀርቦ ቅቤው እየረጋ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይገባም፣ እርስዎ» ነው። ከምሳ በኋላ ሊቀመንበሩ «እንግዲህ በመርህ ደረጃ ተስማምተናል፤ ዝርዝሩን በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን» ይላሉ። ሲዘጉም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና…» የምትለዋን ተረት አይረሱም። አሰገደች በሆዷ «አንበሳውስ በቀረ፤ እናንተ ያሰራችሁት አምፖል ነው» ትላለች። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምታ አድጋለች። አንዲት ሎሚ ሃምሳ ሰው ሆኖ ተሸክሞ ማላብን ያየችው ግን በዚህ ኮሚቴ ነው።

አሰገደች ይህን ሁሉ እንደ ሥራ ብቻ ብታየው ኖሮ ንዴቷ ቢሮ ይቀር ነበር። የመንግሥት ሥራ ላይ ስትኖር ስንት አይታለች! ግን ዱቤንቾ ላይ የራሷ ሰው ነበራት። አንድ ልጇ አቤሴሎም የዱቤንቾ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሚስቱ ሂሩት የጊምቢቹ ልጅ ናት፣ የወንጌላዊ ቤተሰብ ልጅ፤ እሷም እዚያው ታስተምራለች። ሂሩት የመጀመሪያ እርግዝናዋ ውርጃ ሆኖባት፣ አሁን ሁለተኛውን ይዛ ሆዷ ገፍቷል። አሰገደች «የመውለጃሽ ወር ሲገባ ሆሳዕና ትመጫለሽ» ብላ ጨርሳለች። ሂሩትም «እሺ እማማ» ብላታለች። ግን ምጥ ቀጠሮ የሚያከብር ነገር አይደለም፤ መንገዱም ዝናብ ሲጥል መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ አሰገደች ሌሊትና ቀን የምታስበው ስለዚያች አንዲት ክፍል ነበር። ሂሩት ድንገት እዚያ ብትወልድ፣ በጨለማ ነው።

ይህን ለኮሚቴው ተንፍሳ አታውቅም። አንድም ቀን! ሰው በዘመድ መጠቀምን ሲጠላ እንደ አሰገደች ነው። አንድ ባለሥልጣን የውሃ መስመር አማቱ ግቢ ድረስ ሲያስገባ ብድግ ብላ የተናገረች እሷ ናት። «መንግሥት የአክስት ልጅ ዕቁብ ነው እንዴ?» ያለችው ንግግሯ እስከ ዛሬ በከተማው ይወራል። ታዲያ አሁን በየትኛው አፏ «ምራቴ እዚያ ናትና ፍጠኑልኝ» ትበል? «አሰገደች ለምራቷ መብራት አስገባች» ሲሉ ከምትሰማ ምላሷን ብትቆርጠው ይሻላታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

የዱቤንቾ አዋላጅ ነርስ ጣቢታ ከስብሰባ በኋላ ትደውልላታለች። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያገኝ መለዋወጫ እያጣ፣ መለዋወጫ ሲያገኝ ነዳጅ እያጣ ቆሞ ቀርቷል። ጣቢታ የምታዋልደው የስልክ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬስ ምን ሆኑ?»

«ተስማሙ።»

«ወይኔ!» ትላለች ጣቢታ። ከተስማሙ መብራት እንደሌለ ገብቷታል።

አንድ ጠዋት ግን ጣቢታ ደውላ ምንም አልጠየቀችም። አሰገደች ቀድማ «ሂሩት ናት?» አለች።

«ሂሩት ደህና ናት። ሃቢባ የምትባል እናት ናት፣ ከወንዙ ማዶ። ማታ በቃሬዛ አመጧት። የስልኬ ባትሪ መሀል ላይ አለቀ። ልጁ ወጣ፤ አልቅሷል እትዬ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጠርጌ፣ ጠቅልዬ እናቱ እቅፍ ላይ አደረግሁት። ከዚያ ደም ሲፈሳት ወደሷ ዞርኩ። ከንፈሩ መጥቆሩን አላየሁም። ባየው እኮ ቀላል ነበር፤ ጉሮሮውን መጥረግ ነው። አላየሁትም እትዬ።»

አሰገደች ስልኩን እንደያዘች ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት ጉዳዩን ለኮሚቴው ይዛ ገባች። ሲሰሙ ሁሉም ደነገጡ፤ አላስመሰሉም፣ ከልባቸው ነው። አቶ ሀብተሚካኤል «እንነሳ» አሉ። ተነሱ። አቶ ዳኘ ጸለዩ፤ ረጅም፣ ደግ ጸሎት ነበር፣ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። አሜን ተባለ። ተቀመጡ። አቶ ሀብተሚካኤል መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉና፤

«እግዚአብሔር እናቲቱን ያጽናናልን። ወደ አጀንዳችን እንመለስ። የሪባኑን ቀለም በተመለከተ…»

አሰገደች አላስጨረሰቻቸውም። ከወንበሯ ስትነሳ ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

«አቶ ሀብተሚካኤል! ስንት ሲቀበር ነው የሚመረቀው?»

ሊቀመንበሩ አልተቆጡም፤ እሳቸው መቼ ተቆጥተው ያውቃሉ! «እህቴ፣ ስሜትሽን እንረዳለን» አሉ።

«ስሜቴን ተዉትና ሳጥኑን ክፈቱት!»

እንደ ልማዳቸው ማንም አይሆንም አላላትም። እሺም ብሎ የተነሳ የለም። በመጨረሻ አሞጽ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቀርቅሮ የሚቀመጠው መሐንዲስ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከምረቃው በፊት የሙከራ ጊዜ ቢኖረን ምን ይመስላችኋል? እንግዶቹ ፊት አንድ ነገር እንዳይቃጠል… በሙከራ ደረጃ ማብራት ይቻላል።»

የኮሚቴው ፊት ሁሉ በራ። ሙከራ ምረቃ አይደለም! መርሁም አልተጣሰ፣ ማንም አልተቀየመ። አጨበጨቡ። በማግሥቱ አሞጽ ሄዶ ሳጥኑን ከፍቶ ሳልቫቪታውን አነሳው። አንድ ጣት ነው የፈጀው፣ ብያችኋለሁ። ጣቢታ የማዋለጃ ክፍሉን አምፖል ፎቶ አንስታ ላከችላት። አሰገደች ያቺን ፎቶ የልጅ ፎቶ ይመስል ለቢሮው ሰው ሁሉ አሳየች። ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

የምረቃው ነገርም ተቆረጠለት። ሁለቱም ኃላፊዎች ይቁረጡ ተባለ፤ አንድ ሪባን፣ ሁለት መቀስ። ይህን ያሰቡት አቶ ዳኘ ናቸው፤ እንደ ሰሎሞን ተመሰገኑ።

በምረቃው ዋዜማ አቤሴሎም ደወለ። «እማዬ፣ ሂሩት ወለደች። ሴት ናት። ግን ቀኗ አልደረሰም ነበር።» አሰገደች በነጋታው ጎህ ሲቀድ የምረቃ ዕቃ የጫነውን መኪና ተሳፍራ፣ ከድንኳኑ ጨርቅና ከፕላስቲክ ወንበሩ መሀል ተቀምጣ ዱቤንቾ ገባች። ሕፃኗ እፍኝ አትሞላም። በኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች፤ አጠገቧ ያለው የኦክስጅን ማሽን ያንጎራጉራል። እነዚያ ዕቃዎች ከተሰጡ ጀምሮ በላስቲክ ተጠቅልለው የከረሙ ነበሩ።

«ለመተንፈስ ትደክማለች» አለች ጣቢታ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ። «ወደ ሆሳዕና እንዳልልካት አምቡላንሱ እንግዶቹን ሊቀበል ወጥቷል አሉኝ። ግን አትፍሪ እትዬ። ዛሬን በሙቀት ካደረች ነገ ሌላ ቀን ነው። መብራት እስካለ እኔ አለሁ።»

ሂሩት ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ የአማቷን እጅ ያዘች። «እማማ፣ ጸልዪልኝ። በእናንተም ቢሆን በእኛም።» አሰገደች ሳመቻትና በአማኑኤልም በማርያምም ስም ለመነች። ውጭ ስሟ ይጠራል፤ የኮሚቴው ጸሐፊ እንግዳ መቀበያው ላይ መገኘት አለባት። እያጉረመረመች ወጣች።

እንግዳ በዚያ አገር በሩ ላይ አይጠበቅም። ወሰን ድረስ ሄደው ተቀብለው፣ አጅበው ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ የሀዲያው ወገን፣ ኃላፊውም ሊቀመንበሩም፣ ከቀበሌው ወደ ታች ወርደው ድልድዩ ላይ ቆሙ። አሰገደች በሞተር ቀድማቸው ወርዳ ነበር። ጠበቁ። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ አንዴ ነፍቶ ተወ። ከምባታዎቹ ግን አልታዩም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች።

አቶ ሀብተሚካኤል አሰገደችን ፈንጠር አድርገው፣ የሠርግ አሳላፊ ደስታ በፊታቸው ላይ እየታየ፣ «ሁሉ ነገር ተሟልቷል» አሏት። «አንድ ጉድለት አይቼ ነበር፤ እሱንም አስተካክዬዋለሁ። መብራቱ በርቶ ነው የቆየው ለካ! አሞጽን አጥፋው ብዬ፣ ሪባኑን ሳጥኑ ላይ አሳስሬ መጣሁ።»

አሰገደች የሰማችው አልገባት አለ። «ምን አሉ?»

«ታዲያ በርቶ ምን ሊመረቅ ነው? እንግዶቹ ሲደርሱ ያበሩታላ። የሳጥኑም ቁልፍ እኔ ጋ ነው» ብለው የኮት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉት።

«መቼ ነው ያስጠፉት?»

«አንቺ በሞተር እንደወጣሽ። የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።»

ስትደርስ ጥላዋ እንደ ምሰሶ ረዝሞ ነበር። አሁን እግሯ ሥር ገብቷል። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም።

«አቶ ሀብተሚካኤል፣ ውስጥ ሕፃን አለች! ማሞቂያ ላይ ያለች፣ ቀኗ ያልደረሰ ሕፃን! ቁልፉን ይስጡኝ!»

ሰውየው ደነገጡ። በእውነት ደነገጡ። «ውይ፣ በስመ አብ… ግን እኮ ደርሰዋል። አሁን ከፍተን መልሰን ብናጠፋው ደግሞ… ቆይ፣ ዳኘን ላግኘው» ብለው፣ ወደ ጉብታው ወጥተው በራሳቸው ስልክ ሞከሩ። ተገኘላቸው። አቶ ዳኘ ከወዲያ በኩል ሲጮኹ አሰገደች ራሷ ሰማች።

«የት ናችሁ? እኛ መገንጠያው ላይ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅናችሁ ነው!»

«እኛም ድልድዩ ላይ እናንተን እየጠበቅን ነው እኮ! ኑ እንጂ!»

«ባለቤት ሳይቀድም እንግዳ እንዴት ይገባል? እናንተ ኑና ይዛችሁን ግቡ።»

«ኧረ እንግዳ ቆሞ እኛ እንዴት እንቅደም? ነውር ነው። እናንተ ቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እናንተ።»

እንግዲህ ፍረዱ! በመሀላቸው ያለው መንገድ አንድ ዘፈን ተዘፍኖ አያልቅበትም። ሁለቱም መኪናቸውን አስነስተው፣ ሁለቱም ወግ አክብረው፣ ሁለቱም ማንንም ላለማስቀየም ተጠንቅቀው ቆመዋል። ሕፃኗ በዚያች ደቂቃ ትተንፍስ አትተንፍስ አሰገደች አታውቅም።

የዚህን ጊዜ አሰገደች ያደረገችውን ሆሳዕና የሰማ ሁሉ እስካሁን አያምንም። የዞን ኃላፊ በቆመበት፣ ማርሽ ባንድ በተሰለፈበት፣ እጇን የሊቀመንበሩ ኮት ኪስ ውስጥ ከትታ ቁልፉን መዘዘች። አቶ ሀብተሚካኤል ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሞተሩ ላይ ወጥታለች። «ንዳው!» አለችው ባለሞተሩን። «ጉድጓድ አትመርጥ!»

ጤና ጣቢያው ግቢ ድንኳኑ ሞልቷል። እናቶች በአጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ሳጥኑ ላይ ቀይ ሪባን ተጋድሟል፣ አጠገቡ በጨርቅ በተሸፈነ ሳህን ላይ ሁለት መቀስ ተቀምጧል። አሞጽ ሳጥኑ ሥር ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። «እትዬ፣ ከፍተህ መልሰው ብላ ጣቢታ ስትጮህብኝ ነበር፣ ቁልፉ ግን…» አለ። አላዳመጠችውም። መቀሱን አነሳች፣ ሪባኑን ቀጨችው፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ በአንድ ጣቷ ሳልቫቪታውን ገፋችው።

በረንዳው ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። አጥሩ ሥር ያሉት እናቶች ይኸው ተመረቀ ብለው በእልልታ አቀለጡት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አሰገደች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወደ ውስጥ ለመግባት ፈራች። ሌላ ምንም አልታያትም፤ ያንን የማሽን ጉርምርምታ ብቻ ነበር የምታዳምጠው።

የዚህን ጊዜ ነው ሁለቱ ልዑካን የደረሱት። አንዳቸው ከሌላው ላለመቅደም በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ነድተው፣ የሰው አጥር እየታከኩ መጡ። አቶ ሀብተሚካኤል ወርደው የተቆረጠውን ሪባን አዩ፣ የበራውን አምፖል አዩ፣ አሰገደችን አዩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የማዋለጃው በር ተበረገደና አቤሴሎም ወጣ። እያለቀሰ ነበር።

«እማዬ! ቀላች! ከንፈሯ ቀላ! ሂሩት ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ጣቢታ በእጇ አየር እየሰጠቻት ነው ያቆዩአት። አሁን ማሽኑ ያዛት። ልጄ ተረፈች እማዬ!»

አሰገደች አንገቱን አቅፋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ቀና ስትል ኮሚቴው በሙሉ ከቧታል። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ተዘጋጅታለችም። ዛሬ የሚቆጣት ሰው ካገኘች የሁሉንም ዕዳ በአንድ ምላስ ልትከፍለው ነው። አቶ ሀብተሚካኤል ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«የልጅ ልጅሽ ናት? ምራትሽ እዚህ ነበረች?»

«አዎ። ነበረች።»

«ምነው እህት አሰገደች! ምነው!» እጃቸውን አጣጠፉ፣ ከልባቸው ተከፉ። «እኛ ባዕድ ነን? አንድ ቃል ብትነግሪን ምን ነበረበት? አሞጽ ትራንስፎርመሩን የሰቀለ ዕለት ነበር እኮ የምናበራልሽ! ምረቃው የት ይሄዳል?»

አቶ ዳኘም ትከሻዋን ያዙ። «በሞቴ፣ እንዴት ትደብቂናለሽ? ለአንቺ ሰው ሪባን እንጠብቃለን? በዚያኑ ቀን፣ በዚያኑ ሰዓት!»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያኑ ቀን፣ እንዴታ። እውነታቸውን ነበር፤ አሰገደች ታውቃቸዋለች፣ አይዋሹም። ያ ሁሉ ስድብ ተሰልፎ ምላሷ ጫፍ ደርሶ የነበረው አንዱም አልወጣ አለ። በዚያኑ ቀን ቢበራ ኖሮ እያለች ወሮቹን ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ትራንስፎርመሩ የተሰቀለው ሃቢባ በቃሬዛ ከመምጣቷ በፊት ነው። ብዙ በፊት። «ምራቴ እዚያ ናት» ብላ አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ ያቺን የኮራችባትን አፏን ብትከፍት፣ ያን ማታ ማዋለጃው ውስጥ አምፖል ይበራ ነበር። ጣቢታም ታይ ነበር።

«አሁን እንግዲህ የሆነው ሆኗል» አሉ አቶ ሀብተሚካኤል፣ አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠርገው። «እግዚአብሔር ይመስገን። ሪባኑን ቋጠር አድርጉትና፣ ክቡራን እንግዶቻችን ለፎቶው ይቁረጡልን። መብራቱን ለአፍታ ብቻ…»

«አይሆንም» አለች አሰገደች። ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው። «ከፈለጋችሁ በበራበት መርቁት።»

ሊቀመንበሩ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ እንደ ልማዳቸውም ተስማሙ። ሪባኑ ተቋጠረ። ሁለቱ ኃላፊዎች መቀስ መቀሳቸውን ይዘው፣ ማን ይጀምር ይባባሉ ጀመር።

አሰገደች ትታቸው ወደ ጥላው ሄደች። አጥሩ ሥር፣ እልል ካሉት እናቶች መሀል፣ አንዲት ጠይም ሴት ሻሿን እያስተካከለች ተጠጋቻት። ጣቢታ ቀደም ብላ አሳይታታለች፤ ለደሟ ማነስ ኪኒን ልትወስድ የምትመላለሰው ሃቢባ ናት። ኮሚቴው ለአሰገደች ያላትን ሁሉ ቆማ ሰምታለች። ክፋት በፊቷ ላይ አልነበረም።

«እንኳን ደስ ያለሽ እማማ» አለቻት ሃቢባ፣ እጇን በሁለት እጇ ይዛ። «አላህ ያሳድግላችሁ።»

አሰገደች አሜን ልትል አፏን ከፈተች። ማለት አቃታት።